ከሠላሳ በኋላም ቼዝ ይቻላል፦ «ጊዜያችሁን አታባክኑ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቼዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል። የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜያችሁ ከሃያ አምስት ካለፈ ቼዝን ለመዝናኛ ተጫወቱት፤ «ማስተር እሆናለሁ» ብላችሁ ግን አትድከሙ። በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚወዱትም ያስታውቃል። በዋናው ሐሳብ ግን አልስማማም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ደግሞ ጽሑፉን ከላኩልኝ አንዱ በቅርቡ ቼዝ በቁም ነገር የጀመረ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው መሆኑ ነው። ከጽሑፉ ጋር «በቃ ልተወው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አትተወው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። ታላላቅ ተጫዋቾች ሁሉ በልጅነታቸው ነው የጀመሩት፤ የአዋቂ አእምሮ ደግሞ እንደ ልጅ አይቀበልም ይላሉ። ማስተር ለመሆን አሥር ሺህ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል? ብለው ይጠይቃሉ። ቼዝ በዋነኝነት የማስታወስ ጉዳይ ስለሆነ ዕድሜ የገፋ ሰው ይሸነፋል የሚልም አለበት። ኮምፒውተር ሰውን ካሸነፈ ወዲህ ድካሙ ትርጉም አጥቷል ብለው ይቀጥላሉ። በመጨረሻም ወደ አገር ቤት ይመጡና አሠልጣኝ የለም፣ ውድድር የለም፣ ገንዘብም የለበትም ብለው ይደመድማሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነውና። በልጅነት መጀመር ትልቅ ጥቅም እንዳለው አልክድም። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን ማስረጃ እኔ ልጨምርላቸው። ፈርናንድ ጎቤ እና ጊየርሞ ካምፒተሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በአርጀንቲና ተጫዋቾች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቼዝን በ12 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት በቁም ነገር ከያዙት መካከል ከአራት አንዱ ያህል ለዓለም አቀፍ ደረጃ በቅቷል። ከ12 ዓመት በኋላ ከጀመሩት ግን የበቃው ከ55 አንዱ ገደማ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ከዜሮ ተነስቶ ግራንድ ማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) የሆነ ሰው ጥቀስ ብትሉኝም ልጠቅስ አልችልም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው «ማስተር» የሚለው ቃል አንዴ አንድ ነገር፣ አንዴ ሌላ ነገር ሲሆን ነው። ጽሑፉ በአንዱ አንቀጽ ስለ ኖርዌያዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ስለ ማግነስ ካርልሰን ያወራል። በሚቀጥለው አንቀጽ ማታ ከሥራ መልስ ስለሚያጠና ሰው ያወራል። ሁለቱን በአንድ መስፈርት ይለካቸዋል። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ እንዲህ አያደርግም። ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ካንዲዴት ማስተር ለመባል 2200 ሬቲንግ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ) ያስፈልጋል። ፊዴ ማስተር 2300 ነው። ኢንተርናሽናል ማስተር 2400 ሲሆን ከዚያ በተጨማሪ ኖርም የሚባሉ ሦስት የውድድር ውጤቶች ይጠይቃል። ግራንድ ማስተር ደግሞ 2500 እና ሦስት ኖርም ነው፤ ለአንዱ ኖርም ብቻ በውድድሩ የ2600 ተጫዋች ያህል ብቃት ማሳየት አለባችሁ። ከ2200 በታችም ቢሆን ሰፊ ዓለም አለ። ሬቲንግ በሚሰላበት በኤሎ ስሌት 200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው በአማካይ ከአራት ነጥብ ሦስቱን ይወስዳል። 400 ነጥብ ከበለጠ ከመቶው 91 ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ከ1400 ተነስቶ 1800 የደረሰ ሰው፣ የድሮውን ራሱን ቢያገኘው በአሥር ጨዋታ አንድ ነጥብ እንኳ በመከራ ነው የሚለቅለት። ይህን «ምንም» ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ማለዳ መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ እዩ። ደረጃውን እየወጣና እየወረደ የሚሮጥ የሃምሳ ዓመት ሰው ታገኛላችሁ። «ቀነኒሳን ስለማትሆን ቁም» የሚለው ሰው የለም። ሰዓቱን ያሻሽላል፣ ለታላቁ ሩጫ ይዘጋጃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ካምናው ፈጥኖ ሊገባ ያስባል። እውነተኛ ሯጭ ነው። የቼዝ ሰውን በምን ሒሳብ ነው ከዚህ የምንነፍገው?

«ሁሉም በልጅነት ነው የጀመሩት» የሚለው ራሱም «ሁሉም» እስካለ ድረስ ትክክል አይደለም። ሩሲያዊው ሚካኢል ቺጎሪን የጠጠሮቹን አካሄድ የተማረው በ16 ዓመቱ ነው። በቁም ነገር የያዘው ደግሞ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ይህ ሰው በ1889 እና በ1892 ሃቫና ላይ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከስታይኒትዝ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተፋልሟል። «እሱ የጥንት ነው፣ ያኔ ውድድሩ ቀላል ነበር» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ስለዚህ ወደ ዘመናችን ልምጣ። ቻይናዊው ዬ ጂያንግቹዋን የዓለም አቀፉን ቼዝ የተማረው በ17 ዓመቱ ነው። ግራንድ ማስተር ሆነ፣ የአገሩን ሻምፒዮና ደጋግሞ አሸነፈ፣ ሬቲንጉም እስከ 2684 ደረሰ። እርግጥ ከዚያ በፊት የቻይናውን ቼዝ ይጫወት ነበር። ይህ እንደጠቀመው ጥርጥር የለውም። ለእኛ ቀረብ ያለው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሰለሞን ነው። ኬፕታውን አጠገብ ሚቸልስ ፕሌን የሚባል ድሃ ሰፈር ነው ያደገው። ቼዝ የተማረው በ13 ዓመቱ ነው፤ በአርጀንቲናው ጥናት መለኪያ ባቡሩ ያመለጠው ልጅ ነው። በ2014 መጨረሻ ዊንድሆክ ላይ የአፍሪካን ሻምፒዮና አሸንፎ የአገሩ የመጀመሪያ ግራንድ ማስተር ለመሆን በቃ። ዕድሜው 35 ነበር።

እንግሊዛዊው ጆናታን ሆኪንስም አለ። እሱ በልጅነቱ ይጫወት ነበር፤ ግን ለአቅመ አዳም ሲደርስ ተራ የክለብ ተጫዋች ነበር። ማንም «ተስፋ ያለው ልጅ» ብሎ ስሙን አላነሳውም። ቁጭ ብሎ የመጨረሻ ጨዋታን፣ ማለትም ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ሲቀሩ የሚደረገውን ትግል፣ አጠና። በ2014 ግራንድ ማስተር ሆነ። በዚያው ዓመት የብሪታንያን ሻምፒዮና ከዴቪድ ሃውል ጋር ተጋራ፣ በ2015 ደግሞ ብቻውን ወሰደ። እነዚህ ሰዎች ሕጉን አያፈርሱም። ልዩ ናቸው፤ አውቃለሁ። ግን በሩ ተቆልፏል ከተባለ በኋላ ሰዎች ገብተው ከወጡ፣ በሩ ከባድ ነው እንጂ የተቆለፈ አይደለም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገርም አለ። ጽሑፉ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ መቶ ነጥብ ሲወጡ አዋቂዎች ባሉበት ይቆማሉ ይላል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የስሌቱ ውጤት ነው። በፊዴ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች 2300 እስኪደርስ ድረስ ያገኘው ውጤት ከሚጠበቅበት የሚለይበት መጠን በ40 እየተባዛ ወደ ሬቲንጉ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። አዋቂው የመጀመሪያዎቹን 30 ጨዋታዎች ከጨረሰ በኋላ ግን በ20 ነው የሚሰላለት። ስለዚህ ልጁና አዋቂው እኩያቸውን ቢያሸንፉ ለልጁ 20 ነጥብ፣ ለአዋቂው 10 ነጥብ ይገባል። ያው ድል፣ ግማሽ ነጥብ። ልጆች በእውነትም ቶሎ ይማራሉ፤ ደንቡም የወጣው ለዚያ ነው። ግን የአዋቂን ዕድገት ከልጅ ዕድገት ጋር በነጥብ ብቻ አስተያይቶ «አእምሮው ቆሟል» ማለት አይቻልም።

አእምሮ በሃያ አምስት ዓመት ይዘጋል የሚለውን በተመለከተ አንድ ሰው ልጥቀስና ልለፍ። ቪክቶር ኮርችኖይ በ2011 ጂብራልታር ላይ የ79 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ያኔ የ18 ዓመት ወጣት የነበረውን ፋቢያኖ ካሩዋናን አሸነፈ። ካሩዋና በወቅቱ ከ2700 በላይ ነበር። ኮርችኖይ የጀመረው በልጅነቱ ስለሆነ ዘግይተው ለጀመሩ ማስረጃ አይሆንም። ለአምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማሰብ ለወጣት ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

አሁን ወደ አሥር ሺህ ሰዓት እንምጣ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ያሳተመው ጥናት በርሊን ስለነበሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች ነበር። ምርጦቹ ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው የተለማመዱት ሰዓት በአማካይ ወደዚያ ይጠጋል። አማካይ ነው። ደፍ አይደለም። ከሱ በታች የሆነ አይገባም፣ ከሱ በላይ የሆነ ይገባል የሚል ሕግ ማንም አላወጣም። ለቼዝ የተሻለ መረጃ የሚሰጠን ቅድም የጠቀስኩት የአርጀንቲናው ጥናት ነው። እዚያ ማስተር፣ ማለትም 2200፣ ለመድረስ በአማካይ 11 ሺህ ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ጸሐፊው እዚህ ላይ «ታዲያ አላልኩም?» ሊሉ ይችላሉ። ግን አማካዩን ትታችሁ ጫፍና ጫፉን እዩት። አንዱ በ3,016 ሰዓት ማስተር ሆኗል። ሌላው 23,608 ሰዓት ፈጅቶበታል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው! ከዚያም በላይ ለፍተው ያልደረሱ አሉ። እንዲህ የተለያየን ነገር በአንድ ቁጥር አስሮ ለሰው «ያንተ ዕጣ ይህ ነው» ማለት አይቻልም።

ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው። ሥራ ያለው ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ሦስት ሰዓት ቢያገኝ በሳምንት 8 ሰዓት ነው። በዓመት 400 ሰዓት ይሆናል፤ ትንሽም ይተርፋል። እንደ ፈጣኑ ሰው ከሆናችሁ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ነው። እንደ አማካዩ ከሆናችሁ ከሃያ አምስት ዓመት ይበልጣል። ይህን አልሸሽግም፤ ለሰው የውሸት ተስፋ መስጠት አልፈልግም። የቱ እንደሆናችሁ ግን ካልጀመራችሁ አታውቁትም። መንገዱ ላይ ያሉት 1600፣ 1800፣ 2000 ደግሞ ከ2200 በፊት የሚደረስባቸው እውነተኛ ማረፊያዎች ናቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ በምን እንደሚያልፍ ነው። የጽሑፉ ትልቁ ክፍተትም ይህ ይመስለኛል። «አዋቂ ለዓመታት ተጫውቶ አያድግም» የሚለው ትዝብት እውነት ነው። እኔም በየካፌው አየዋለሁ። ምክንያቱ ግን ዕድሜ አይደለም። ኒል ቻርነስ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ ከሁሉም በላይ ከጥንካሬ ጋር ተያይዞ የተገኘው ሰው ብቻውን ተቀምጦ በቁም ነገር ያጠናው ሰዓት ነው። በጨዋታ ብቻ ያለፈው ሰዓት የዚያን ያህል ክብደት አልነበረውም። ግራንድ ማስተሮቹ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታቸው 5 ሺህ ሰዓት ያህል ብቻቸውን አጥንተዋል። ይህ መካከለኛ ተጫዋቾች ካጠኑት ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

አሁን አንድ የምናውቀውን አዋቂ ተጫዋች እናስብ። ታክሲ ውስጥ በስልኩ የሦስት ደቂቃ ብሊትዝ ይጫወታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ይጨምራል። ማታ ተሸንፎ ስለተናደደ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። በዓመቱ መጨረሻ ሺዎች ጨዋታ ተጫውቷል። ስንቶቹን መልሶ አይቷቸዋል? ብዙውን ጊዜ አንድም። በሦስተኛው ቀን የሠራውን ስህተት በሦስት መቶኛው ቀን ይደግመዋል። ፈረሱ ያለ ጠባቂ ቆሞ ይበላበታል፤ «ኧረ አላየሁትም!» ይላል፤ አዲስ ጨዋታ ይጫናል። ቀሪው ጊዜው ደግሞ «በዚህ መክፈቻ በስምንት እርምጃ አሸንፉ» የሚሉ ቪዲዮዎች ላይ ያልቃል። ይህ ሰው አያድግም። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ቢያደርግ እሱም አያድግም። ልጁ የሚያድገው አሠልጣኙ ቁጭ አድርጎ ጨዋታውን ስለሚያስደግመው፣ ክለብ ውስጥ በረጅም ሰዓት ስለሚጫወት፣ የቤት ሥራ ስለሚሰጠው ነው። እነዚህን ለአዋቂው ስጡትና ከዚያ በኋላ እናወዳድር።

ምን ይሠራ ትሉኝ ይሆናል። በሳምንት አንድ ረጅም ጨዋታ፣ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰዓት ያለው። እርምጃዎቹን በወረቀት ይጻፍ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ራሱ ይመርምረው፦ የት ፈራሁ? የት ሳላይ ቀረሁ? ተጋጣሚዬ ምን እንዳሰበ ገምቼ ነበር? ይህን ከጻፈ በኋላ ብቻ ኮምፒውተሩን ይጠይቅ። በየቀኑ የተወሰኑ የታክቲክ ጥያቄዎች፣ ማለትም በጥቂት እርምጃ ጠጠር ወይም ድል የሚያስገኝ ቅንብር የሚፈለግባቸው፣ ይሥራ፤ ፈጥኖ ሳይገምት፣ መልሱን እስከ መጨረሻው በጭንቅላቱ አይቶ። የተሳሳታቸውን ለይቶ ይመለስባቸው። ማይክል ዴ ላ ማዛ የተባለ አሜሪካዊ አዋቂ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታክቲክ ጥያቄዎችን ስብስብ ሰባት ጊዜ እየደጋገመ በሁለት ዓመት ገደማ ከ1300ዎቹ ተነስቶ በአሜሪካ ሬቲንግ ከ2000 በላይ ደርሷል። ዘዴው ደረቅ ነው፣ ብዙ ትችትም ደርሶበታል። እሱ ራሱም ከዚያ በኋላ ውድድር ትቷል። ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም። ግን የአዋቂ ጭንቅላት አዲስ ነገር አይቀበልም ከተባለ ይህ እንዴት ሆነ?

የመጨረሻ ጨዋታን በተመለከተ አዋቂው እንዲያውም ብልጫ አለው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሳሌ እንይ። ነጭ ንጉሥና አንድ ወታደር፣ ጥቁር ንጉሥ ብቻ። የነጩ ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ሆኖ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከቆመ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን ነጭ ያሸንፋል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው በቦርዱ ዳር ዳር ያለው ወታደር ብቻ ነው። ይህን ለትንሽ ልጅ ብትነግሩት ደጋግሞ ተጫውቶ ነው የሚይዘው። ምክንያቱን የተረዳ አዋቂ ግን በአንድ ማታ ይጨብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ጠጠር ሲለዋወጥ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በሩክ (ጨዋታው ሲጀመር በቦርዱ ጥግ በሚቆመው ጠጠር) ጨዋታዎች ፊሊዶርና ሉሴና የሚባሉት ሁለት አቋሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ እንዴት አቻ እንደሚወጣ፣ ሌላው እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል ያስተምራል። ለብዙ ዓመት ተጫውተው እነዚህን ሁለቱን የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱን የያዛቸው ዕድሜ አይደለም፤ ተቀምጠው አላጠኑም።

ይህ ወደ ማስታወስ ጉዳይ ያደርሰናል። ጸሐፊው ጠንካራ ተጫዋቾች «ፎቶ የሚያነሳ ጭንቅላት» አላቸው ይላሉ። ይህ ግምት ከተመረመረ ቆይቷል። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሮት ጀመረው፤ በ1973 ደግሞ ዊልያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን አጠናከሩት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቋም ለአምስት ሰከንድ አሳይተው ሲሸፍኑት ማስተሩ አብዛኛውን ጠጠር በቦታው ይመልሳል፤ ጀማሪው ጥቂቱን ብቻ። ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የማስተሩ ብልጫ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ፎቶ የሚያነሳ ጭንቅላት ቢሆን ኖሮ የተበተነውንም ባነሳው ነበር። ማስተሩ የሚያስታውሰው ትርጉም ያለውን ነው፦ ይህ የተለመደ የንጉሥ መጠለያ ነው፣ ያ የታወቀ የወታደሮች አሰላለፍ ነው እያለ። ይህ እውቀት በጊዜ የሚጠራቀም ነው።

ረጃጅም መክፈቻዎችን መሸምደድ ያስፈልጋል የሚለውም ከላይኛው ሰፈር የተወሰደ ነው። ከ1800 በታች ያሉ ጨዋታዎችን ሰብስባችሁ እዩ። የሚያልቁት ባልተጠበቀ ጠጠር፣ ባልታየ የፈረስ እርምጃ፣ በሰዓት እጥረት ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ሃያኛው እርምጃ ድረስ የሸመደደ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ወደ 2400 ስትጠጉ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የያኔውን የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭን ያሸነፈው በ1997 ነው። ካርልሰን በታሪክ ከፍተኛውን ሬቲንግ፣ 2882ን፣ ያስመዘገበው በ2014 ነው። ሕንዳዊው ጉኬሽ በ18 ዓመቱ ሲንጋፖር ላይ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ2024 ነው። ሰው መጫወቱን አላቆመም። ለአዋቂው ደግሞ ኮምፒውተር ጠላት ሳይሆን ዕድል ነው። ስቶክፊሽ የተባለው ጠንካራ የቼዝ ፕሮግራም ነጻ ነው። ሊቼስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ትምህርት፣ የታክቲክ ጥያቄና የጨዋታ ምርመራ ያለ ክፍያ አለ። ድሮ በሶቪየት ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚገኝ ነገር ዛሬ በስልክ ይመጣል። ኦንላይን ማጭበርበር መብዛቱና መልስ ከኮምፒውተር መልመድ ሰውን ማስነፉ እውነት ነው። ቅድም «መጀመሪያ ራሱ ይመርምር» ያልኩት ለዚህ ነው።

የቀረው የአገር ቤቱ ጉዳይ ነው። በገንዘቡ እስማማለሁ። ቼዝ እንጀራ አያበላም፤ ከዓለም ጥቂቶች ናቸው በሽልማት ብቻ የሚኖሩት። ግን ሠላሳ አራት ዓመት የሞላውና ሥራ ያለው ሰው እንጀራ ፍለጋ አይደለም ወደ ቦርዱ የመጣው። ይህን መከራከሪያ ለሱ ማቅረብ ያልጠየቀውን መመለስ ነው።

«ቼዝ የእኛ አዋቂዎች ባህል አይደለም» የምትለዋ ሐረግ ግን ቅር አሰኝታኛለች። ሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በዚህ አገር ለዘመናት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ ነበር። አጀማመሩም የራሱ ነው፦ «ወረራ» በሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። የአዋቂዎች ጨዋታ ነበር።

የአሠልጣኝና የውድድር እጥረት አለ። በዚህ አልከራከርም። ለአዋቂ ጀማሪ የሚመች አሠልጣኝ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ደግሞ ይብሳል። ያም ሆኖ «ምንም የለም» እና «ትንሽ አለ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያ የፊዴ ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ይበቃል። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሰበብ የላቸውም። ጀርመን ያለ ሰው በከተማው ክለብ ቢመዘገብ ከታችኛው የሊግ እርከን ጀምሮ በቡድን መጫወት ይችላል። አሜሪካ ያለ ሰው ቅዳሜና እሁድ በሬቲንግ በተከፋፈሉ ውድድሮች ከእኩዮቹ ጋር ይገናኛል። እዚያ ያለው አዋቂ የሚያድገው ሌላ አእምሮ ስላለው አይደለም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ስላለው ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎን ብዙ ሰው አንብቦታል፤ ቃልዎ ይሰማል። አዋቂዎችን «ተዉት» ከማለት ይልቅ ይህን አብረን ብንጠይቅ ምን ይመስልዎታል? በክለቦቻችን በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ በረጅም ሰዓት የሚካሄድ ውድድር ይኑር። ከ1600 በታች ላሉ የተለየ ክፍል ይኑረው፤ ዕድሜ አይጠየቅ። እርምጃ መጻፍ ግዴታ ይሁን። ከጨዋታው በኋላ አንድ ጠንካራ ተጫዋች ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ከተሸናፊው ጋር ጨዋታውን ያይ። አዳራሽ፣ ቦርድና ሰዓት ያላቸው ክለቦች ይህን ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም። እኔ በበኩሌ ቦርድ ለመደርደርም ሆነ ከጀማሪዎች ጋር ጨዋታ ለመመርመር ዝግጁ ነኝ፤ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል።